እባቡ ከመነካቱ በፊት ማደሪያው ይታይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እባብ ከሚያሳድጉ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም የእባባቸውን አኳኋን በሰው ጠባይ ሊተረጉሙት ይሞክራሉ። አንዱ «ተናደደብኝ»፣ ሌላዋ «ወደደችኝ»፣ ሦስተኛው «ሰለቸው» ይላሉ። እባብ ግን የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ፣ ለብቻው የሚኖር፣ ከአዳኝ ለማምለጥም በመደበቅ የሚተማመን እንስሳ ስለሆነ፣ የሚያደርገውን ለመረዳት ከእጃችን በፊት የሚያድርበትን ቤት መመርመር ያስፈልጋል። መልሶቻችን መርዝ የሌላቸውንና በሰው ቤት በብዛት የሚያድጉትን ቦል ፓይተን የተባለውን ትንሽ ዘንዶና ኮርን ስኔክ የተባለውን እባብ ይመለከታሉ። መርዛማ እባብ የቤት እንስሳ ሊሆን አይገባም ብለን ስለምናምን ስለ አያያዙ ምክር አንሰጥም።

ጥያቄ፦ «ከአንድ ወር በፊት ገና ግልገል የሆነ ቦል ፓይተን አመጣሁ። እንዲለምደኝ ብዬ በየቀኑ አወጣዋለሁ። እጄን ባስገባሁ ቁጥር ግን አንገቱን አጥፎ ወደ ኋላ ይሰበስባል፣ ይነፋል፣ ሁለት ጊዜም አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው መትቶኛል። ካወጣሁት በኋላ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን ይደብቃል። ጠባዩ ክፉ ሆኖ ነው ወይስ እኔን ጠልቶ?»

መልስ፦ ጠባዩ ክፉ አይደለም፤ እርስዎንም አልጠላም። ፈርቷል፤ የፈራውም በምክንያት ነው።

ቦል ፓይተን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖር፣ ቀኑን አይጦች በማሱት ጉድጓድ ወይም በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ውሎ በምሽት የሚወጣ እንስሳ ነው። እንዲህ መሬት ለመሬት ለሚኖር ግልገል አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከላይ ነው፤ አሞራው ከሰማይ ይወርድበታል፣ አራዊቱም ከበላዩ ሆነው ያነሡታል። ስለዚህ በድንገት ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ትልቅና ሞቃት እጅ ለእርሱ ከአዳኝ ጥፍር አይለይም። በከንፈሮቹ ዳር ሙቀት የሚለዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ስላሉት በጨለማም ቢሆን የእጅዎ መቅረብ ይሰማዋል፤ ሙቀቱ ግን የማን እንደሆነ አይነግረውም።

የገለጹት ቅደም ተከተልም የታወቀ ነው። አንገቱን አጥፎ ወደ ኋላ መሰብሰቡ «አትቅረበኝ» ማለቱ ነው። መንፋቱ ያንኑ በድምፅ መድገሙ ሲሆን፣ አፉን ሳይከፍት መምታቱ ደግሞ መንከስ እየቻለ ሳይነክስ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ሁሉ ሰሚ ሲያጣ ጭንቅላቱን መሐል አድርጎ ይጠቀለላል። ብዙ አሳዳጊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተጠቀለለውን እባብ «አሁንስ ተረጋጋ» ይሉታል። የተረጋጋ እባብ ሰውነቱ ላላ ይላል፣ ምላሱን በዝግታ ደጋግሞ እያወጣ ይመረምራል፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሳይቸኩል ይሻገራል። ምላሱ ከአየሩ የሚለቅመውን ሽታ በላንቃው ላይ ወዳለው የጃኮብሰን አካል ወደሚባለው የማሽተቻ ክፍል ስለሚያደርስ፣ ምላስ መውጣቱ እባቡ አካባቢውን ለማወቅ ፈቃደኛ መሆኑን ያሳያል። ጡንቻው የጠነከረ፣ ምላሱን ጨርሶ የማያወጣና ፈጽሞ የማይነቃነቅ እባብ በአንጻሩ በስጋት ላይ ያለ እባብ ነው።

አሁን ወደ ማደሪያው እንምጣ። በደብዳቤዎ ስለ ማደሪያው አንድም ቃል አልጻፉም፤ እኔ ግን መልሱ ያለው እዚያ ነው እላለሁ። በአራቱም ጎን መስታወት በሆነ፣ ሰው በሚመላለስበት ክፍል መሐል በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ የሚያድር ግልገል ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ እንደቆመ ይቆጠራል። የኋላውንና የሁለቱን ጎን መስታወት በካርቶን ወይም በጨርቅ ይሸፍኑ። በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጫፍ አንድ አንድ መደበቂያ ያስቀምጡ፤ መደበቂያው ሰፊ ሳይሆን እባቡ ሲገባ ጎኑና ጀርባው ግድግዳውን የሚነኩበት ጠባብ ይሁን። መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከመሸሸግ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜም መሸሸግን መርጦ ምግቡን በሚገባ ሳይፈጭ ይቀራል። በሞቃቱ ጫፍ ያለው ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ55 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ለቦል ፓይተን ይስማማዋል። ሳጥኑ ከድምፅ ማጉያ ወይም ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ካለም ያንሡት፤ እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም የውስጥ ጆሮው ከመንጋጋው አጥንት ጋር ስለተያያዘ የወለሉ ንዝረት በቀጥታ ይደርሰዋል፣ በአየር የሚመጣውንም ወፍራም ድምፅ ይሰማል።

ይህን ካስተካከሉ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ውኃ ከመቀየርና ከማጽዳት በቀር አይንኩት። ሳያቅማማ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከበላ በኋላ እንደ አዲስ ይጀምሩ። ከጎን በኩል፣ እጅዎን ዝቅ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ ግን ሳያመነቱም ይቅረቡ፤ እጅን አስጠግቶ መልሶ መሳብ እባቡን ከምንም በላይ ያስበረግገዋል። አንድ እጅዎን ከአንገቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው የሰውነቱ ክፍል ሥር፣ ሌላውን ወደ ጅራቱ አካባቢ አድርገው ሙሉ ክብደቱን ደግፈው ያንሡት። ጭንቅላቱን አይጨብጡ፣ በጅራቱም አያንጠልጥሉት። ወለል ላይ ተቀምጠው ቢይዙት ቢወድቅም አይጎዳም። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ከዕለታዊው መያዝ የተሻለ ውጤት አለው፤ ምክንያቱም እባብ የሚለምደው ካለመጎዳቱ ነው፣ በየዕለቱ ሲበረግግ ግን የሚያጠናው ፍርሃትን ነው። ግልገሎች ከጎልማሶቹ ይልቅ ፈሪዎች መሆናቸውንም ያስታውሱ፤ የዛሬው ነፊ ከዓመት በኋላ በእጅዎ ላይ ተዘርግቶ ሊያዩት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «ኮርን ስኔኬን ለሁለት ዓመት ያለ ምንም ችግር ስይዝ ቆይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የሚበላውን አይጥ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ካሟሟሁ በኋላ ውኃውን ልቀይር እጄን ሳስገባ ነከሰኝ፤ ነክሶም አልለቀቀኝም፣ በጣቶቼ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ለመክፈት እጄ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛዬ ከአሁን በኋላ ሌላ ዕቃ ውስጥ አስገብተህ አብላው ይለኛል። ልክ ነው?»

መልስ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ መፍራትዎ አያስወቅስዎትም። ይሁን እንጂ የደረሰብዎት ነገር ቁጣ አልነበረም። በፍርሃት የሚነክስ እባብ ነክሶ ወዲያው ይለቃል፤ ኮርን ስኔክ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ጅራቱን በጉዝጓዙ ላይ በፍጥነት ያንቀጠቅጣል። ነክሶ የሚይዝና የሚጠመጠም እባብ ግን ምግብ ያገኘ መስሎታል። ኮርን ስኔክ እንደ ዘንዶዎቹ ሙቀት የሚለዩ ጉድጓዶች ስለሌሉት በምግብ ሰዓት የሚመራው ሽታና እንቅስቃሴ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አይጥ አይጥ የሚሸት፣ የሚንቀሳቀስ እጅ አቀረቡለት። እባቡ የሠራው ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢገጥምዎ እጅዎን አይጎትቱ። ጥርሶቹ ወደ ጉሮሮው ያዘነበሉ ስለሆኑ መጎተት ቆዳዎን ይቀድዳል፣ የእባቡንም ጥርስ ይሰብራል። ቀዝቃዛ ውኃ በጭንቅላቱ አካባቢ ቢያፈስሱበት አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፤ ከተጠመጠመም ከጅራቱ ጫፍ ጀምረው ይፍቱት። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ በደንብ ይጠቡት፣ የቴታነስ ክትባትዎ ጊዜው ካለፈበት ወይም ቁስሉ ካበጠና ከቀላ ሐኪም ይዩ። ከዚህም ውጭ እባቡን ወይም ዕቃዎቹን በነኩ ቁጥር እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ጤናማ የሚመስሉ እባቦች እንኳ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ስለሚችሉ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንዲነኩዋቸው አይመከርም።

የጓደኛዎ ምክር ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። እባቡን ሲርበው፣ ማለትም ለመንከስ በተዘጋጀበት ሰዓት፣ አንሥቶ ማዛወርን ይጠይቃል፤ ከበላ በኋላም ሆዱ ሞልቶ ሳለ እንደገና መነሣት ይኖርበታል። ሆዱ የሞላ እባብ ሲነካካ የበላውን መልሶ ሊተፋ ይችላል፤ ከተፋ ደግሞ ጉሮሮውና ሆዱ እስኪያገግሙ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይበላ መቆየት ይኖርበታል። የሚሻለው ሁለቱን ሁኔታዎች በግልጽ ምልክት መለየት ነው። ለመያዝ ሲሄዱ እጅዎን ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያም በቀጭን ቆልማማ ዘንግ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት የእባቡን አካል መሐል ላይ በቀስታ ይንኩት። ለአፍታ ያህል ይነቃል፣ አንገቱን ያዞራል፣ የምግብ ስሜቱም ይበርዳል፤ ያን ጊዜ እጅዎን ያስገቡ። ምግብ ሲሰጡ ግን ምንም ሳይነኩት የሞተና የሞቀ አይጥ በረጅም ወረንጦ ያቅርቡለት። ሁልጊዜ ይህን ሳያጓድሉ ካደረጉ እባቡ ዘንግ ማለት መያዝ፣ ወረንጦ ማለት ምግብ መሆኑን ያውቃል። ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት አይንኩት።

ጥያቄ፦ «ቦል ፓይተኔ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫውን ከመስታወቱ ጋር ሲያፋትግ ያድራል፣ አፍንጫው ላይ ቁስል ወጥቶበታል። ቀን ቀን ደግሞ ከውኃ ሳህኑ አይወጣም። ሰልችቶት ይሆን? ትልቅ ሳጥን ልግዛለት?»

መልስ፦ ትልቅ ሳጥን መልካም ነገር ነው፤ እባብ ሲፈልግ ሙሉ ርዝመቱን መዘርጋት መቻል አለበት። ለእርስዎ ግን ከሳጥኑ በፊት ቴርሞሜትር ያስፈልግዎታል። በውኃ ውስጥ የሚውልና ሌሊት መውጫ የሚፈልግ ዘንዶ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሙቀት መብዛቱን ነው። የማሞቂያ ምንጣፍ ወይም የሙቀት አምፖል ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን ከልክ እንዳያልፍ ከሚቆጣጠረው መሣሪያ ውጭ፣ ሲሠራ ወለሉ ከልክ በላይ ይግላል፤ እባብ ደግሞ ከሚያቃጥለው ወለል ላይ ሁልጊዜ በጊዜ አይሸሽም፣ ሆዱ እስኪላጥ ድረስ ተኝቶበት ሊገኝ ይችላል። በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ክብ መለኪያ የአየሩን እንጂ እባቡ የሚተኛበትን ወለል ሙቀት ስለማይናገር መለኪያው ሽቦ ያለው ሆኖ የሽቦው ጫፍ በመደበቂያው ወለል ላይ ይዋል። ሆዱ ላይ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ የሆነ ቅርፊት ካዩ ቃጠሎ ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ሙቀቱ ትክክል ከሆነ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ተባይ ነው። የእባብ ደም የሚመጥጡ፣ ከስፒል ራስ የማይበልጡ ጥቁር ተባዮች በዓይኑ ዙሪያና በአገጩ ሥር ባሉት ቅርፊቶች መካከል ይሰገሰጋሉ፤ እባቡም ሊገላገላቸው ውኃ ውስጥ ይነከራል። በውኃ ሳህኑ ሥር ሰምጠው የሞቱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካገኙ፣ ወይም እባቡን በነጭ ጨርቅ ሲያሻሹት ጥቁር ነገር ከወጣ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥተው ይጣሉ፣ ሳጥኑን ይጠቡ፣ መድኃኒቱን ግን ከሐኪም ይቀበሉ፤ ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት እባብ ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት መደበቂያ ማጣት ነው፤ የውኃ ሳህኑ በሳጥኑ ውስጥ ብቸኛው ጠባብ ቦታ ከሆነ እባቡ የሚገባው እዚያው ነው። ጎልማሳ ወንድ ከሆነ በእርባታ ወቅት ሴት ፍለጋ ሌሊቱን መንጎራደዱና ምግብ እምቢ ማለቱም የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ መስታወቱን መሸፈንና ክዳኑን አጥብቆ መቆለፍ እንጂ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ስለ ክዳኑ በአጽንዖት እላለሁ፤ እባብ ጭንቅላቱ በሚያልፍበት ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱንም ያሳልፋል። አምልጦ ከሆነም በመጀመሪያ የሚፈለገው ከሳጥኑ አቅራቢያ ባሉ ሞቃት፣ ጠባብና ጨለማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ከማቀዝቀዣ ጀርባና ከመጻሕፍት መደርደሪያ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ «እባቤ አንገቴ ላይ ተጠቅልላ ሰዓታት ትቆያለች። ፍቅር አይደለም የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ አንገትዎ ሞቃት ነው፣ ጸጉርዎ ይሸሽጋታል፣ የሰውነትዎም ሽታ ደጋግማ ስለቀመሰችው አያስፈራትም። ይህ ፍቅር ባይባልም ትንሽ ነገር አይደለም፤ በተፈጥሮው ሰውን የሚሸሽ እንስሳ በእርስዎ ላይ ጡንቻውን ማላላቱ በአግባቡ እንደያዙዋት ያስመሰክራል። ሰዓታት መቆየቷ ግን ይብዛባታል፤ ከሙቀት ምንጯ ርቃ ትቆያለችና ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ቢወስኑት ይሻላል። ትልልቅ ዘንዶዎች ካሉዎት ደግሞ በአንገት ላይ አይደረጉ፤ ርዝመታቸው ከ2 ሜትር ተኩል ካለፈ በመያዝ ጊዜ ሌላ ጎልማሳ ሰው በአጠገብዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ «ሁለት እባቦች በአንድ ሳጥን ውስጥ አሉኝ። ሁልጊዜ ተቃቅፈው ይተኛሉ። ታዲያ ለምን ለያያቸው ይሉኛል?»

መልስ፦ ምክንያቱም የሚቃቀፉት በሳጥኑ ውስጥ ካለችው አንዲት ጥሩ ቦታ የተነሣ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ሙቀቱንና መሸሸጊያውን ሲሆን፣ ከላይ የተኛው ብዙውን ጊዜ ለራሱ ሙቀቱን ይዞ የሌላውን ይከለክላል። ድብድብ ስለማያሰሙ ሽኩቻው አይታይም፤ የሚታየው ከወራት በኋላ አንዱ ሲፋፋ ሌላው ሲከሳ ነው። አንዱ ቢተፋ ወይም እዳሪው ቢለወጥ የትኛው እንደታመመ አያውቁም፤ በምግብ ሰዓት ሁለቱ አንድ አይጥ ቢነክሱም አንደኛው ሌላውን ሊውጥ ይችላል። ኪንግ ስኔክ የሚባለው ዝርያ እንዲያውም ሌሎች እባቦችን መብላት ልማዱ ነው። ለያዩዋቸው።

ጥያቄ፦ «የእባቤ ዓይኖች በድንገት ደፈረሱ፣ ቆዳውም ደበዘዘ። ምግብ አይበላም፣ ሲነካም ይበረግጋል። ታውሮ ይሆን?»

መልስ፦ አልታወረም፤ ቆዳውን ሊቀይር ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት ሲሆን ከቀሪው ቆዳ ጋር አብሮ ይለወጣል። በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ሲገባ ዓይኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ድፍርስ ይሆናል፣ ማየትም ይቸግረዋል፤ መበርገጉም ከዚህ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ እንደገና ይጠራል፣ ከዚያም ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቆዳው ከአፉ ጀምሮ እየተገለበጠ ይወልቃል። እስከዚያ አይያዙት፣ ምግብም አያስገድዱት፤ ሞስ የሚባለው እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል ርሶ የተጎዘጎዘበት መደበቂያ ቢጨምሩለት ይረዳዋል። ቆዳው በአንድ ወጥ ከወጣ እርጥበቱ በቂ ነበር ማለት ነው፤ ተቆራርጦ ከወጣ እርጥበቱ ያንሳል። በዓይኑ ላይ የቀረ ቅርፊት ካለ በጥፍር ወይም በወረንጦ አይላጡት፤ የዓይኑን ሥጋ አብሮ ሊያወጣው ይችላል።

ቆዳውን ከቀየረ በኋላም ካልበላ ወዲያው አይደንግጡ፤ ጤናማ ጎልማሳ ቦል ፓይተን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ሳይበላ ይቆያል። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን ይመዝኑት፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ ሐኪም ይየው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ፣ ከአፉ ወይም ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣው እባብ ግን የመተንፈሻ አካል ሕመም ስላለበት ሚዛን አይጠብቅም። ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚቀር ወይም በጀርባው ሲገለበጥ መመለስ የሚያቅተውም እንዲሁ ነው፤ ስፓይደር በሚባለው የቦል ፓይተን ዓይነት የራስ መንቀጥቀጥ በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በሌሎቹ ግን የነርቭ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወደ ሐኪም ሲወስዱት አፉ በታሰረ የጨርቅ ከረጢት፣ ከረጢቱንም አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ አድርገው ብርድ እንዳያገኘው ይጠብቁት፤ የማደሪያውን የሁለቱን ጫፎች ሙቀት፣ የእርጥበቱን መጠን፣ መጨረሻ የበላበትንና ቆዳውን የቀየረበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።